ፌንጣ የጎደላት አንድ ሊትር

ለቡ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ወጋየሁን ያውቀዋል፤ የማያውቀው ካለ ባጃጁ ገና አልተበላሸችበትም ማለት ነው። መንገድ ዳር ካለችው ሰማያዊ ኮንቴይነሩ ፊት ዝቅ ይልና ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፤ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ያኔ መናገር ክልክል ነው። ሐሚዳ እንኳ፣ ያቺ አፏ የማያርፍ ባጃጅ ነጂ፣ ትንፍሽ አትልም። ከዚያ ዓይኑን ይገልጥና «ባልቦላው ነው» ይላል። ሲፈታም ባልቦላው ነው።

ምን ያደርጋል ታዲያ! እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ ቤቱ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ የለም። ሚስቱ ዓለሚቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ልጅ አልወለዱም። ቤት ውስጥ ከነበሩት አራት ወንበሮች ሦስቱን ለጸሎት ቤት ሰጠና አንዷን አስቀረ፤ የጸሎት ቤቱ ወንድሞች «ለምን?» ሲሉት «ማን ሊቀመጥባቸው?» አላቸው። በዚያች አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳቦውን በሻይ ይበላል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከሆሳዕና ወጥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ሃያ ሁለት ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከዓለሚቱ ሌላ ያፈራው ጓደኛ አንድ ብቻ ነው። እሱንም አጣው፣ በአንዲት ቃል።

ከአልጋው ሥር በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አለ። ሞተር ነው፤ የሞተ ሞተር። ጎኑ ላይ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ዓለሚቱ ቤት ስትጠርግ ስንት ጊዜ «አውጣልኝ ይሄን ሬሳ» ብላዋለች መሰላችሁ! አላወጣውም። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ነው።

ጓደኛው በንቲ ይባላል፤ የፉሪ ሰው ነው፣ አያት ቅድመ አያቱ እዚያው ያረሱ። መሬቱ በቤት እየተከበበ ሲያልቅበት አምስት ላሞች ቀሩትና ወተት ማመላለስ ጀመረ፣ በሞተር ሳይክል። ከኋላው ክዳናቸው በቅጡ የማይገጥም ሁለት የወተት ባልዲ ያስራል። ሲነዳ ማየት ነበረባችሁ! የሃና ማርያምን ኩርባ ሲገባ ሞተሯን ወደ መሬት ያጋድላታል፣ ጉልበቱ አስፋልቱን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ከባልዲው ግን ጠብ አይልም። ወጋየሁ መጀመሪያ ያየው ቀን «ይሄ ሰው አንድ ቀን በወተት ይታጠባል» አለ። አልታጠበም። ሞተሯን ሊያሠራ መጣ፤ ሻይ ጠጡ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም ሳትበላሽበት መጣ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በበንቲ የላም በረት ውስጥ መኪና ሠሩ። አዎ፣ መኪና! የእሽቅድምድም መኪና፣ አንድ ወንበር ያላት፣ ጣሪያ የሌላት፣ ከብረት ቱቦ የተበየደች፣ ሁለት ሰው ከኋላ ብድግ የሚያደርጋት። ልቧ ግን የሞተር ሳይክል ልብ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ከአጥር ጋር ያላተማትን ትልቅ የስፖርት ሞተር ሳይክል ገዝተው፣ ባለ አራት ፒስቶን ሞተሯን አውጥተው ከወንበሩ ጀርባ አሰሩት። የበንቲ ሚስት ኦብሴ የወተት እቃ ልታጥብ ወጥታ አየቻትና «ይቺማ ፌንጣ ናት» አለች። ስሟ ሆኖ ቀረ፤ በንቲም ሄዶ አረንጓዴ ቀለም ገዛ።

ውድድር ላይ የሚያውቋቸው ሰዎች ሳቁባቸው። እነሱ ከአሮጌ ትንንሽ መኪኖች የወጣ ሞተር ነው የሚያስሩት። «የሞተር ሳይክል ሞተር ሰው ለመሸከም ነው የተወለደው፤ መኪና አይችልም። ሁለት ዙር ሮጦ ይተፋል» አሏቸው። ወጋየሁ በዚህ ነገር ደሙ ይፈላ ነበር። «ሞተር አይከዳም» ይል ነበር፣ «የሚያስፈልገውን ካልሰጠኸው አንተ ነህ የከዳኸው።» ደግሞም ያልሰጠው ነገር ያለ አልመሰለውም። የመኪናዋ ክብደት ፍሪሲዮኑን እንዳይበላው ጠንካራ ሞላ አስገባ። ነፋስ እንዲያገኝ ራዲያተሩን ወደ ፊት አወጣው። ሮዳጅ ሳያወጣ ለማንም ሞተር ሰጥቶ አያውቅምና ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በፉሪ አዲስ መንገድ ላይ ቀስ እያለ አለማመደው። ሞተሩ ከፍ ብሎ የኋላ ሽፋኑ አልዘጋ ሲል አንዲት ሰያፍ ብረት ከሥሩ በየደና ትንሽ ወደ ኋላ ደገፍ አደረገው፤ ሽፋኑ ተዘጋ፣ ሁለቱም ሳቁ። ዘይቱንም ዕድሜውን ሙሉ እንዳደረገው ሞላ፤ በሞተሩ ጎን፣ ወደ ኋላ በኩል ያለችው ክብ መስታወት ላይ፣ እስከ ላይኛው መስመር።

በመጨረሻ የሞተር ሳይክሏን የዘይት መብራት ከመሪው ፊት አሰራት። «ስማኝ በንቲ» አለው። «ይቺ ቀይ መብራት ብልጭ ካለች፣ ለጥቅሻ ያህል እንኳ ብትሆን፣ ሞተሩን አጥፋ። አንደኛ ብትሆንም አጥፋ።»

«እሺ አባቴ!» አለ በንቲ እየሳቀ።

ውድድሩ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ሰፊ የአስፋልት ግቢ ውስጥ ነበር። ጎማ ደርድረው መንገድ አበጁ፤ ዙሩ ወደ ግራ ነው፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ አንድ ኩርባ ብቻ አለው፤ አሥር ዙር። በስምንተኛው ዙር ፌንጣ አንደኛ ነበረች። አንደኛ! የሳቁት ሰዎች አፋቸውን ዘግተው ይመለከታሉ፤ ዓለሚቱና ኦብሴ አንድ ጃንጥላ ሥር ሆነው ይጮኻሉ። ቀድሞ የሰማው ወጋየሁ ነው። ከሞተሩ ጩኸት ውስጥ አንዲት ቀጭን ኳኳታ ሰማ፤ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ «አጥፋ!» አለ፤ ማን ይስማው! ፒስቶኑን የሚይዘው ክንድ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ። የፈላው ዘይት ከኋላ ጎማዎቿ ሥር ፈሰሰ፣ ፌንጣ ሁለቴ ተሽከረከረችና ከጎማው ክምር ጋር ተላተመች። የበንቲ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ።

በማግስቱ ወጋየሁ የተበሳውን ሞተር ከፌንጣ ፈትቶ ቤቱ ወሰደው፤ በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ሄደ። አልጋው ዙሪያ የበንቲ ዘመዶች ቆመዋል፤ ሮበሌ የሚባሉት የሰፈሩ ሽማግሌ ከራስጌው ተቀምጠዋል። በንቲ ሰላም እንኳ አላለውም።

«ዘይት ሞልተህ ነበር?» አለው።

«ሞልቻለሁ። መስታወቱ ላይ እስከ ላይኛው መስመር።»

«አቦን በል።»

እስቲ አስቡት። እኛ ይሄን በቀን ስንት ጊዜ ነው የምንለው? ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ዋጋ እንኳ ማርያምን እንላለን። በንቲ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አይቀልድበትም፤ መካኒሳ አቦን ጠርቶ የዋሸ ሰው በደህና ቤቱ አይገባም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ወጋየሁ ደግሞ አትማል ተብሎ ያደገ የጴንጤ ልጅ ነው። ቃሉ አዎ ከሆነ አዎ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለእሱ ኃጢአት ነው።

«በንቲ፣ ታውቀኛለህ፤ እኔ አልምልም። ሞልቻለሁ አልኩህ።»

«አቦን በል!»

«አልልም።»

ሮበሌ ዘንጋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እውነት ለያዘ ሰው መማል ምን ይከብደዋል ልጄ?» አሉት። ሁሉም አንዴ ወጋየሁን፣ አንዴ የተሰቀለውን እግር ያያሉ። ፍርዱ እዚያው ነው ያለቀው፤ ያልማለው ስላልሞላ ነው። ብርቱካኑን ከአልጋው ሥር አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ኩርፊያ ነው፣ የለየለት ኩርፊያ። ወጋየሁ ተቃጠለ። ታማኝነቱን ያውቃል፤ ሞተሩንም ያውቃል፤ ግን ሁለቱም በሰው ፊት ውሸታም ሆነዋል። «አላልንም? የሞተር ሳይክል ሞተር መኪና አይችልም» አሉ እነዚያ። ዓለሚቱ ታማ አልጋ ከያዘች በኋላ እንኳ «ሂድና አናግረው እንጂ፣ ወንድምህ አይደል?» ትለው ነበር። «ያመነኝ ቀን ራሱ ይምጣ» ይላል። ዓለሚቱ ሞተች። ድንኳን ተተከለ። በሦስተኛው ቀን ኦብሴ ጥቁር ለብሳ ስትገባ አየና ዓይኑ ከእሷ ኋላ ሄደ። ከኋላዋ ማንም የለም። ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ አለቀሰችና ሹልክ ብላ ሄደች። በንቲ ለቅሶ አልደረሰም! ሰው ለጠላቱ እንኳ ለቅሶ ይደርሳል እኮ። ያን ቀን ወጋየሁ በንቲን ከልቡ ቆርጦ ጣለው፤ ጣልኩት አለ እንጂ አልወጣለትም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት ሞላ። ባለፈው ወር ነው ሐሚዳ ያበደችበት። ሐሙስ ጠዋት ባጃጇን ኮንቴይነሩ ፊት ገጭ አድርጋ አቆመችና ሳትወርድ ጀመረች።

«ጋሽ ወጌ! ዘይቴን የት አደረስከው?»

«የቱን ዘይት?»

«ትናንት ሞልቼልሻለሁ ያልከኝን ነዋ! ማደያው ጋ ቆሜ ባየው መለኪያው ከታችኛው ምልክት በታች ነው። በልተኸዋል ወይስ ለሰላጣ ወሰድከው?»

«ሞልቻለሁ ሐሚዳ።»

«ወላሂ በል!»

እየሳቀች ነው ያለችው። ወጋየሁ ግን የሰማው «አቦን በል» የሚለውን ነው። እጁን ጠራረገና ተነስቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፤ በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ከተተ፤ አወጣ። ሙሉ ነው። «ይኸው!» አለ ድምፁ ከፍ ብሎ። «ዓይንሽ አያይም?»

ሐሚዳ ወረደችና አየች። ፊቷ ተለወጠ። «እንዴ! ማደያው ጋ እኮ ባዶ ነበር። ና ግፋልኝ» አለችው። ገፍተው አስፋልቱ ላይ፣ ሜዳው ላይ አወጧትና እንደገና መዘዙት። ጎድሏል። ወደ ኮንቴይነሩ ፊት መለሷት። ሙሉ ነው። ሦስት ጊዜ አመላለሷት። ሦስተኛው ላይ ሐሚዳ «ይሄ ቦታ ጋኔን አለበት» አለች።

ጋኔን አይደለም። ከወር በፊት መንገዱ ሲቆፈር አፈሩን የኮንቴይነሩ ፊት ላይ ደለደሉትና ቦታው ዘመመ። ባጃጇ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ስትቆም ዘይቱ ወደ ኋላ፣ መለኪያው ወዳለበት ይሄዳል፤ ትንሹ ብዙ ይመስላል። ወጋየሁ ወር ሙሉ ዘይት ሲሞላ የነበረው እዚያ ላይ ነው። ያንን ሊያስረዳት ጀምሮ ተወው። የታየው ባጃጅ አይደለም። ሽፋኑ አልዘጋ ሲል ከሥሩ የበየዳት ሰያፍ ብረት ናት።

ሐሚዳ «ጋሽ ወጌ፣ አመመህ እንዴ?» አለች። ዘይቷን ሜዳው ላይ ሞላላት። በዚያ ወር የሞላላቸውን ዘጠኝ ባጃጆች አንድ በአንድ ደውሎ ጠርቶ አስተካከለላቸው፤ ሁለት ቀን ፈጀበት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮንቴይነሩን በጊዜ ዘጋና ቤቱ ገብቶ አልጋውን ገፋ።

ሞተሩን ከአንሶላው ፈታው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ከላይ ወደ ታች እስከ ዘይት ማጠራቀሚያው ድረስ ይታያል፤ ክንዱ የበሳው ቀዳዳ ደግሞ ከፍ ያለ ነውና ውሃ አያፈስም። መጀመሪያ ቀጥ አድርጎ አቆመው፣ በሞተር ሳይክል ላይ እንደሚቆም። በአንድ ሊትር ጠርሙስ ውሃ እየለካ ቀዳ፤ መስታወቷ ላይኛው መስመር ላይ ስትደርስ ሦስት ጠርሙስ ተኩል ገብቷል። ደፋው። ከዚያ በዚያች ሰያፍ ብረት ላይ አስቀመጠው፣ እስከ ዛሬ ከሥሩ ተበይዳ አለች፤ ሞተሩ ፌንጣ ላይ እንደነበረው ወደ ኋላ ደገፍ አለ። እንደገና ቀዳ። አንድ። ሁለት። ሁለት ተኩል ላይ መስታወቷ ሞላች።

ሁለት ተኩል! መስታወቷ ሙሉ ነው ትላለች፤ አንድ ሊትር ግን የለም።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ተነሳና ሞተሩን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ቀኝ አዘነበለው፤ መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ ውስጧ ያለው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚሸሸው። ውሃው አንድ ጥግ ተከመረ። ዘይቱን የምትጠባው የፖምፓ አፍ በግራ በኩል ራቁቷን ቀረች፣ አየር ልትጠባ። ሞተር ሳይክል እንዲህ አይሆንም፤ ሲታጠፍ አብሮ ያጋድላል፣ ዘይቱ ከቦታው አይሸሽም። ፌንጣ አታጋድልም። ሞተሩ ምንም አልበደለም፤ ያልተወለደበትን ነገር ተጠይቆ፣ አንድ ሊትር ተነፍጎ፣ ስምንት ዙር ሮጠ። ታማኝ ነበር። ወጋየሁም አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ግን ተሳስቷል። ያን ቀን አቦን ቢል ኖሮ በሐሰት ይምል ነበር፤ በንቲም በሐሰቱ ያምነው ነበር። ስድስት ዓመት ተበዳይ ነኝ ብሎ ኖሮ አሁን በዳዩ ራሱ ሆኖ አገኘው። የሚነግረው ሰው ፈለገ። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ወንበሯ ብቻ አለች።

በማግስቱ እሁድ ነው። ከስንት ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎት ቤት ቀርቶ የፉሪ ሚኒባስ ላይ ወጣ። ጉልበቱ ላይ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት ይዟል። ለምን እንደያዘው እሱም አያውቅም፤ ባዶ እጅ መሄድ አሳፍሮት ይሆናል። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚያስበው። ቢያባርረውስ? ቢያባርረው እኮ መብቱ ነው። እግሩን የሰበረው ወጋየሁ ነው።

ፉሪ ጠፋበት። ማሳ የነበረው ሁሉ ፎቅ ሆኗል፤ የበንቲን ግቢ ያገኘው በረቱን አይቶ ነው። ኦብሴ በሩን ከፈተችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያ ዋቃዮ! ወጌ!» አለች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ «በንቲ! በንቲ ና፣ ማን እንደመጣ እይ!»

በንቲ በምርኩዝ እየተደገፈ ወጣ። አርጅቷል። ቀኝ እግሩ አጥሯል። ከላሞቹ የቀረችው አንዲት ናት፤ ከጎኗ ፌንጣ በላስቲክ ተሸፍና ቆማለች፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ማንም እጁን አልዘረጋም።

ወጋየሁ ቆሞ ሁሉንም ነገረው። ሰያፏን ብረት፣ መስታወቷን፣ የጎደለውን ሊትር። «አልዋሸሁህም በንቲ፤ ግን ሙሉ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እግርህን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልለምንህ ነው የመጣሁት» አለ። ከዚያ ዘይቱ በኩርባ ላይ እንዴት እንደሚሸሽ ሊያስረዳው ሲጀምር በንቲ እጁን አነሳ።

«ወተቱ» አለ።

«ምን?»

«ወተቱ ነዋ! በሞተር ሳይክል ስወስደው ጠብ አይልም ነበር። እግሬ ከተሰበረ በኋላ በባጃጅ ጫንኩት፤ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ግማሹ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ኦብሴ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም።» ምርኩዙን መሬቱ ላይ ፈተለው። «ያኔ ገባኝ። ከአምስት ዓመት በፊት።»

ወጋየሁ የሰማውን ማመን አቃተው። «ገብቶህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«ቁጭ በል» አለ በንቲ። ወጋየሁ አልተቀመጠም። «እሺ ቆመህ ስማ። መብራቷ በርታ ነበር።»

«የቷ መብራት?»

«ቀይዋ። ከአምስተኛው ዙር ጀምሮ ብልጭ ትል ነበር። ብልጭ ትልና ትጠፋለች። አይቻታለሁ ወጌ። አጥፋ ብለኸኛል፣ አልረሳሁም። አንደኛ ነበርኩ! እነዚያ ሰዎች ሲስቁብን ኖረው አንደኛ ነበርኩ፤ ሁለት ዙር ብቻ ቀርቶኛል፤ እንዴት ብዬ ላጥፋ?» ዓይኑን ወደ ፌንጣ መለሰ። «ሆስፒታል ስትመጣ አቦን በል ያልኩህ ለዚያ ነው። ብትምል በሁሉም ፊት ጥፋቱ የእኔ ነው ልል ነበር፣ ቆርጬ ነበር። አልማልክም። እኔም ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ስልህ! ያዝኳት እሷን። አልማለም፣ እሱ ነው አልኩ፤ እኔም ሳላምን አልቀረሁም። ወተቱ እስኪፈስብኝ ድረስ።»

ኦብሴ በሩ ጋ እንደቆመች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ወጋየሁ ንዴቱ ከእግር ጥፍሩ ተነሳ። «ዓለሚቱ ስትሞትስ?» አለ። ሊጮህ ፈልጎ ነበር፤ የወጣው ግን ትንሽ ድምፅ ነው። «እግርህም፣ ሞተሩም፣ ዘይቱም ገደል ይግቡ። ዓለሚቱ ስትሞት የት ነበርክ? በሩን በሩን ስመለከት ነው የዋልኩት እኮ!»

«በምን ፊቴ ልምጣ? በምን ፊቴ?»

ወጋየሁ ዘይቱን ከፌንጣ አጠገብ አስቀመጠና ወደ በሩ ሄደ። ኦብሴ ልትይዘው እጇን ዘረጋች፣ አለፋት። መዝጊያው ላይ ሲደርስ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠ ጠየቀ፤

«ብልጭ ስትል ወደ የት ስትታጠፍ ነበር?»

«ወደ ግራ» አለ በንቲ።

«ቀኙ ላይስ?»

«ቀኙ ላይ በርታ አታውቅም። ቀጥታው ላይም ትጠፋለች።»

ወጋየሁ ራሱን ነቀነቀ። ውሃው ያሳየው ያንኑ ነው። ይሄን ጥያቄ ስድስት ዓመት የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም፤ መልሱን የሚያውቀው ሰው ደግሞ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ርቀት ላይ ነበር። ዞር ሲል በንቲ በምርኩዙ እየተደገፈ ከኋላው መጥቷል።

«ኦብሴ» አለ በንቲ፣ «ጋቢዬን አምጪልኝ። ለቅሶ አልደረስኩም።»

በንቲ ሚኒባሱ ላይ ለመውጣት ጊዜ ፈጀበት፤ ረዳቱ «አባባ ቶሎ በሉ!» ሲል ወጋየሁ «ዝም በል፣ ለቅሶ ላይ ነን!» ብሎ ጮኸበት። መንገዱን ሁሉ ግን ሁለቱም በመስኮት ወደ ውጭ ነው የሚያዩት።

ወጋየሁ ቤቱን ሲከፍት በንቲ ደፉ ላይ ቆመ። ባዶውን ክፍል፣ የተገፋውን አልጋ፣ ያቺን አንድ ወንበር አየ። ከዚያ በአገሩ ወግ ጮኾ አለቀሰ። «ዓለሚቱ! እህቴ ዓለሚቱ! ሳልደርስልሽ! ሳልደርስልሽ ቀረሁ እህቴ!» ሰፈሩ ተደናገጠ። ጎረቤቷ ሚካል እጇ ሊጥ እንደሆነ ሮጣ መጣች፤ ሌሎችም ከኋላዋ።

«ምንድነው? ጋሼ፣ ማን ሞተ?»

ወጋየሁ አራት ዓመት ሙሉ ለሚጠይቀው ሁሉ «ጌታ ወስዷታል» ነበር የሚለው። ጸሎት ቤት ውስጥ ወንድሞች አትዘን ብለውት አላዘነም፤ ዘምር ብለውት ዘምሯል። አሁን ሚካልን አያት፣ አፉን ከፈተ።

«ዓለሚቱ» አለ። «ዓለሚቱ ሞታብኝ ነው።»

ያን ጊዜ እንባው መጣ፤ ሊያቆመውም አልቻለም። ሚካል ሊጣም እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። ወጋየሁ በንቲን በክንዱ ደግፎ ወንበሯ ላይ አስቀመጠው። ራሱ የሚቀመጥበት አልነበረምና ሞተሩን ወደ ወንበሯ አስጠጋና ላዩ ላይ ተቀመጠ። ከትናንቱ ውሃ ገና አልደረቀም ነበር።